የእንግዳ ወንበር

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያማርራል ወይስ ታርቃችኋል? ጋሼስ ካርታ ሲጫወት ማጭበርበሩን ትቶ ይሆን? መቼም አይተውም። ባለፈው ያሸነፈኝ ጨዋታ እንደማይቆጠር ንገሪልኝ። እኔ የካርታውን የብሬል ነጥቦች በጣቴ እየዳበስኩ ሳስብ እሱ ከጠረጴዛው ሥር ካርታ ይቀይር ነበር፤ ድምፁ ነው ያጋለጠው። ባልሽ ባይሆን ኖሮ ያኔውኑ ጉዱን አፈላው ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ለወጉ ያህል አይደለም፣ የምር ደህና ነኝ። እንቅልፌም ምግቤም ሰላም ነው። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ እንኳን ዕቃ መጎተቷን ትታለች፤ ወይ ቦታው ተስማምቷታል ወይ ወገቧ እምቢ ብሏታል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እንዲህ ደስ የሚለኝ ሰው እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የናፍቆትሽን ነገር ተይው፤ እሱን ስትመጪ ቁጭ ብለን እናወራዋለን።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ድሮ ትጽፊልኝ ነበር፤ ከጊዜ ወዲህ የምትልኪው ሁሉ በድምፅ ሆኗል። ለእኔ እንዲቀለኝ ብለሽ ነው ብዬ ነበር። ለማንኛውም ሰምቼዋለሁ፣ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከማተሚያ ቤቱ ልትለቂ ነው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነዝናዛ ነው፣ አራሚነትም እንደ ድሮው አይደለም፣ ከእንግዲህ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አበባሽን ልታጠጪ ነው። አበባ! እታለሜ፣ ቤታችን የገባ አበባ ሁሉ የደረቀው በአንቺ እጅ እኮ ነው። ዕድሜሽን ሙሉ ነጠላ ሰረዝ ስታሳድጂ የኖርሽ ሴት ምን ቆርጦሽ ነው አበባ የምታሳድጊው? ተናድጄብሻለሁ። ንዴቴን ግን እዚህ ጥግ አስቀምጬ መጀመሪያ የሥራዬን ወሬ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ወሬው ውስጥ አንቺም አለሽበት። መልሴን እዚያው ታገኚዋለሽ።

ባለፈው ስትመጪ ክፍላችን ገብተሽ ተቀምጠሽ ነበር። ግን ሻይ ስትጠጪና ከሰዓት ሠሪው ጋር ስትሳሳቁ ምን እንደምንሠራ በቅጡ ሳይገባሽ ሄድሽ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍቱንና የቆዩ ሰነዶቹን በኮምፒውተር ለሕዝብ ሊያስነብብ ነው። ለዚያ ደግሞ ሰነድ ከፍቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ፕሮግራም ይዞ የሚመጣ ድርጅት ሁሉ የእኔ ለማንኛውም ሰው ይሆናል እያለ ይምላል። እውነት ለማንኛውም ሰው መሆን አለመሆኑን የምናየው እኛ ነን። የምናየው ስልሽ አትሳቂ፤ ሰዓት ሠሪው ስቆ ጨርሶታል።

አራት ወንበር አለን። አንዱ የእኔ ነው፣ የጆሮ ወንበር እንለዋለን። ማዳመጫ አድርጌ፣ ማውስ ሳልነካ፣ በኪቦርድ ብቻ ሰነዱ ውስጥ እዞራለሁ፤ ኮምፒውተሩ የሚያነብልኝ ድምፅ የቱን እንደሚያገኝ፣ የቱን እንደሚያጣ አዳምጣለሁ። ሁለተኛው የእጅ ወንበር ነው። እሱ ላይ የሚቀመጠው ሰዓት ሠሪው ነው፤ ስሙ ከድሮ ሥራው የቀረ ነው እንጂ ዛሬ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሰዓት አይነካም። ሦስተኛው የማጉያ ወንበር ነው፤ ጨርሶ ዓይነ ስውር ላልሆኑ፣ ግን ፊደል ካልጎላላቸው ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች የተቀመጠ ነው። የዚያ ወንበር ባለቤት ልጇ ዘንድ ልትኖር ከሄደች ወዲህ ባዶውን ነው። አራተኛው የእንግዳ ወንበር ይባላል። እሱ ላይ ዓይኑም እጁም ጤነኛ የሆነ ሰው ይቀመጥና እኛ የሠራነውን ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ከእኛ ጋር ለማነጻጸር ነው። ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ ተቀምጣበታለች፣ ጥበቃው ተቀምጦበታል፣ መጽሐፍ ሊመልስ የመጣ ሰው ሁሉ እየተለመነ ተቀምጦበታል።

አንድ ሌላ ደንብ ደግሞ አለን፤ ያወጣችው አለቃችን ናት። ለሙከራ የምንከፍተውን ሰነድ እያንዳንዳችን ራሳችን እንመርጣለን፣ የምንመርጠውም የምር ልናነበው የጓጓንለትን ነው። ለሙከራ ተብሎ በተሰጠ ወረቀት ማንም አይናደድም ትላለች፤ ሰው ጉድለት የሚታየው የፈለገውን ሲያጣ ነው ባይ ናት። ሰዓት ሠሪው ምንጊዜም የሚከፍተው የድሮ የግድግዳ ሰዓቶች ማውጫ ነው። እኔ ምን እንደመረጥኩ ግን አንቺም አታውቂም፣ ደብቄሽ ነበር። ያንን ረጅም ልብ ወለድ መረጥኩ። እናታችን ባረፈችበት ዓመት ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን የምታነቢልኝን፣ ድልድይ ጠባቂው ያለበትን። ሳንጨርሰው አንቺ ማተሚያ ቤት ተቀጥረሽ ሄድሽ፤ ከዚያ ወዲያ እሱን የሚያነብልኝ ሰው ጠፋ። ያ ድልድይ ጠባቂ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ።

መጀመሪያ የመጣልን ፕሮግራም እንደ ሙሽራ የተኳለ ነበር። ያዩት ሁሉ ሲያደንቁት ሰማሁ፤ ገጹ ሲገለጥ እንደ እውነተኛ ወረቀት ይታጠፋል አሉ። እኔ ስከፍተው ድምፁ ምስል አለኝ። ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ፣ ምስል። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ምስል፣ ምስል እያለ አነበበልኝ። እንደዚያ ያለ መጽሐፍ እኔም መድረስ አያቅተኝም። ሰዓት ሠሪው ደግሞ ገጽ ሊገልጥ ሲሞክር መዝጊያዋ ቁልፍ ከመግለጫዋ ጋር ተጣብቃ ስለተቀመጠች ሰነዱን በሄደ ቁጥር ይዘጋው ነበር። በመጨረሻ እጁን አንስቶ ይኼ ፕሮግራም እንድንሄድለት ይፈልጋል፣ እንሂድለት አለ። አሰናበትነው።

ሁለተኛውን ይዞ የመጣው አንድ ዝምተኛ ፕሮግራመር ነው። ስለ ሥራው አይኩራራም፤ ይልቅ ምን ጎድሎበታል ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል። የእሱን ስከፍተው ድምፁ የመጽሐፉን ርዕስ ነገረኝ፣ ምዕራፎቹን በተርታ ነገረኝ፣ የትኛውን ልክፈትልሽ ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም አለ። እታለሜ፣ እንባዬ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ የተነበበልኝ አንባቢዬ ካቆመበት ነበር፤ የምፈልገውን ምዕራፍ ራሴ መርጬ ስከፍት የመጀመሪያዬ ነው። ሰዓት ሠሪውም ቁልፎቹ ሰፋ ሰፋ ብለው ስላገኛቸው ማፏጨት ጀመረ። እሱ ካፏጨ ነገሩ ጥሩ ነው ማለት ነው።

አንቺ የመጣሽው ልክ በዚያን ሰሞን ነው። ለእንግዳ ወንበር ሰው ስንፈልግ አለቃችን እህትሽ አራሚ ናት አላልሽም እንዴ፣ ከእሷ የተሻለ ማን ይገኛል አለች። በደስታ ተቀመጥሽ። ከገጹ ግርጌ ያለችውን ማስታወሻ ፈልጊ፣ ከዚያ ሠንጠረዡ ውስጥ ያለውን ዓመት ንገሪን ተባልሽ። ወንበርሽን ወደፊት ስትስቢው ሰማሁ፣ እንደገና ስትስቢው ሰማሁ። መብራት አብሩ እንጂ አልሽ፤ በርቷል አሉሽ። ከዚያ ሳቅሽ፣ ተነሣሽና ፍርድሽን ሰጠሽ። እንዲህ ያለ የደከመ ፊደል ይዞ እኔ ዘንድ የመጣ ወረቀት ማተሚያ ቤቱን ደጅ አያልፍም አልሽ። ኮራሁብሽ። ሁላችንም አመንንሽ። ማን ነው አራሚ የማያምን?

አንቺ ከሄድሽ በኋላ አለቃችን ውጤቱን ስታየው ከፋት። ዓይን ያለው ሰው እንኳን ካላነበበው ይህ ፕሮግራም ምን ይሠራልናል አለችና ሊወድቅ ሆነ። ያ ምስኪን ፕሮግራመር ተጠርቶ መጣ። አልተከራከረም፤ ግራ በመጋባት ብቻ ሌላ ሰው ይሞከርበት ብሎ ለመነ። ሻይ አፍዪዋ ተጠራች፣ እግረ መንገዷን ቆም ብላ ቁጭ እንኳን ሳትል አነበበችው። ጥበቃው አነበበው። አለቃችን ራሷ አነበበችው። እንግዲያስ እህትሽ ቸኩላ ይሆናል፣ ውጤቷን እንሰርዘው አለችኝ። እዚያ ላይ ቆሽቴ አረረ። እህቴ ገጽ ላይ ቸኩላ አታውቅም አልኩ፤ የሰርግ ጥሪ ወረቀቷን እንኳን ሁለት ጊዜ አርማ ነው የተዳረችው አልኩ። አለቃችን እሺ፣ እናቆየው ብላ ተወችኝ።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ክስ ስሚ። ያ ፕሮግራመር በአንቺ ምክንያት ሁለት ጊዜ ነው የተከሰሰው።

ልብ ወለዱን እያዳመጥኩ ስሄድ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ድልድይ ጠባቂው ታመመ። ወዲያው ሞተ። ሞተ እንዴ ብዬ ጮህኩ፣ ክፍሉ በሙሉ ኮምፒውተሩ የተቃጠለ መስሎት ተንጋግቶ መጣ። ሊሆን አይችልም አልኳቸው። ይህ ሰውዬ እህቴ ማንበቧን እስካቆመችበት ድረስ አለ፤ ጎርፉ ሲመጣ ፍየሏን ተሸክሞ ድልድዩ ላይ የሚቀልደው፣ ቀረጥ ሰብሳቢውን ባርኔጣውን አስወልቆ የሚመልሰው፣ የሙሽሪትን ጫማ ከወንዝ የሚያወጣው እሱ ነው። ወደፊት ሄጄ ብፈልግም እነዚያ ሁሉ ገጾች የሉም። ፕሮግራሙ ገጽ ይዘላል ብዬ በብስጭት ጉድለት አስመዘገብኩ። ለእኛ ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም፤ ገጽ የሚዘል ፕሮግራም ዓይነ ስውርን ያታልላል፣ መዘለሉን በምን ያውቃል?

አለቃችን የወረቀቱን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አስወረደች። ከእኔ ጋር ጎን ለጎን ሆና እሷ ከወረቀቱ፣ እኔ ከድምፁ እየሰማሁ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ መግቢያ ድረስ ገጽ በገጽ ሄድን። ምንም አልጎደለም። ፍየል የለችም። ባርኔጣ የለም። የሙሽሪት ጫማ የለም። ሽማግሌው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሞቶ ተቀብሯል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙም አይነሣም።

ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ሆዴ ባባ። እናታችንን ከቀበርን ገና ወራት ነበር። አንቺም ልጅ ነበርሽ፤ የት/ቤት ቦርሳሽን ሳታወርጂ ነበር የምታነቢልኝ። ያንን ገጽ ስታገኚ ድምፅሽ ቅንጣት ሳይሰበር ዘለልሽው፣ ከዚያ በየቀኑ ሞቶ የተቀበረውን ሰውዬ ከልብሽ እያወጣሽ አስቀለድሽልኝ። እኔ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የወደድኩት ሽማግሌ የአንቺ ፈጠራ ኖሯል። ወይ እታለሜ! አራሚ መሆንሽ ነው እንጂ ደራሲ ነበርሽ። ፕሮግራመሩን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሳቀና እህትሽ በእኔ ላይ ምን አላት አለኝ።

እሱ የቀለደውን እያሰብኩ ወደ ቤት ስሄድ ነገሮች በየተራ ይመጡብኝ ጀመር። አምፖሉ መጣብኝ። ቤቴ ስታርፊ መጀመሪያ ያደረግሽው ነገር የሳሎኑን አምፖል መቀየር ነው፤ ደክሟል አልሽ። እኔ ቤቴ አምፖል መኖሩንም ረስቼ ነበር። በማግስቱ አዲሱንም ይኼም ደካማ ነው ብለሽ ወቀስሽው። እንዲህ ከአምፖል ጋር የሚጣላ ሰው በቤታችን አንድ ብቻ ነበር፣ አባባ። ትዝ ይልሻል? አምፖል ሻጩን ሌባ፣ መነጽር ሠሪውን ደግሞ ቀጣፊ ነበር የሚላቸው።

ከአምፖሉ በኋላ ክንዴ መጣብኝ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ዓይነ ስውር የመምራትን ደንብ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መሪ ክንዱን ይሰጣል፣ ተመሪ ክርኑን ይዞ ግማሽ እርምጃ ከኋላ ይሄዳል። ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩት ክርን የአንቺ ነው። አውቶቡስ ልሸኝሽ ስንወጣ ግን፣ ያ መንገድ ሥር የሚያልፈው ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ስንገባ፣ ሕዝቡ በዛ ብለሽ ክርኔን የያዝሽው አንቺ ነሽ። በበትሬ መንገዱን እየነካካሁ እኔ መራሁሽ፣ አንቺ ግማሽ እርምጃ ከኋላዬ። ያኔ ፍቅር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ፍቅርም ነው፤ አልተሳሳትኩም።

በማግስቱ ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ አለቃችን ጠረጴዛ ዘንድ ሄድኩ። የእህቴ ውጤት አይሰረዝም አልኳት። ለምን አለችኝ።

“ውጤቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ወንበሩ ነው” አልኳት።

ሰዓት ሠሪው ማፏጨቱን አቆመ። ከዚያ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁ፤ ውጤትሽን ከእንግዳ ወንበር አውጥታ ማጉያ ወንበር ላይ አሰፈረችው። አንዲት ነገር አልጠየቀችኝም፣ እኔም አንዲት ነገር አልነገርኳትም። ስለ አንቺ የማወራው ነገር የለኝም፤ ወንበር ነው ያስተካከልኩት።

ወንበሩ ሲስተካከል የፕሮግራሙ ጉድለት ቁልጭ ብሎ ወጣ። ለአብዛኛው ሰው ይነበባል፤ ማጉያ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን የግርጌ ማስታወሻው ግራጫ ሆኖ ይጠፋል፣ ፊደሉን ሲያጎላው ደግሞ መስመሩ ከገጹ ወጥቶ ይሄድና ወዲያና ወዲህ ሲጎትት የጀመረውን ይረሳዋል። እኛ ይህን አንዴም ሳናስብ ልናሳልፈው ነበር፤ ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ማን ይነግረናል? ፕሮግራመሩ ሲነገረው ፊቱ መብራቱ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር፤ አሁን ገባኝ እያለ ወጣ። ሠርቶት ተመለሰ። ግራጫው ደምቋል። ፊደሉ ሲጎላ መስመሩ ራሱ እየታጠፈ ወደታች ይወርዳል። የጀርባውንና የፊደሉን ቀለም እንደ ፍላጎትሽ ትቀይሪዋለሽ። ፕሮግራሙ አለፈ፣ በቤተ መጻሕፍቱ በሙሉ ሊገባ ነው። ሰዓት ሠሪው ለዚያች ለአራሚዋ እህትሽ ባለ ዕዳ ነን በያት ብሎሻል።

እሱ ደግሞ አንድ የነገረኝ ነገር አለ፤ ለሰው አታውሪ አላለኝም። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንም እንዳያውቅበት ሲደብቅ ነው የኖረው። ደንበኛ ሲመጣ እጁን ኪሱ ከትቶ መለዋወጫ የለም ይላል። ከባድ ሥራ ሲመጣ ይህ ሰዓት አያዋጣም ይላል። በመጨረሻ ሥራው ሰለቸኝ ብሎ ሱቁን ዘጋና ቤቱ ቁጭ አለ፤ ሚስቱ እንኳን እውነት መስሏት ነበር። ሲነግረኝ እንደ ወትሮው አልቀለደም።

“ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ያደከመኝ መደበቁ ነው” አለኝ።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ነዝናዛ ነው ያልሽውን ተቀብያለሁ። ይሆናል፣ የማይነዘንዝ ሥራ አስኪያጅ ገና አልተወለደም። ግን እታለሜ፣ እኔ እኮ አሁን ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ሽማግሌውን ፍየል አሸክመሽ ጎርፍ ያሻገርሽበት ድምፅ ነው፤ ቅንጣት አይሰበርም። ሥራ አስኪያጁ እንደዚያ ቀረጥ ሰብሳቢ ባርኔጣ የሚያደርግ ከሆነ ንገሪኝና እስቃለሁ።

አትልቀቂ። በቃ፣ ይኼው ነው መልሴ። ቢያንስ ቶሎ አትልቀቂ። የማረሚያውን ገጽ በዚህ ፕሮግራም ከፍተሽ ሞክሪው፣ ፊደሉን የፈለግሽውን ያህል አጉዪው፤ ስህተት መያዝ የአንቺ ሥራ ነው፣ ፊደል ማጉላት የማሽኑ ሥራ ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ ካማረሽ ደግሞ፣ ካማረሽ ነው የምለው፣ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ተራ መጠበቅ አይሰለቸኝም፣ ወሬ እናወራለን። ማተሚያ ቤቱ አሁንም አልጥም ካለሽ አለቃችን አንድ መልእክት አስይዛኛለች። ለማጉያ ወንበር የምንፈልገው ሰው ፊደል የሚያውቅ፣ ትዕግሥት ያለው፣ በመጥፎ ገጽ ደሙ የሚፈላ ሰው ነው አለች። እንደዚህ ያለ ሰው ታውቂያለሽ ወይ ስትለኝ አስቤ እነግርሻለሁ አልኳት። ሳቀችብኝ። ወንበሩን ሰዓት ሠሪው አቧራውን ጠርጎታል፤ እየተንቀጠቀጠ ስለጠረገው ከወትሮው ይበልጥ ነው የጸዳው ይላል።

ይህን ደብዳቤ በዚያው ፕሮግራም እንዲከፈት አድርጌ ነው የምልክልሽ። ስትከፍቺው ፊደሉ ትልቅ ሆኖ፣ ቢጫው በጥቁር ላይ ሆኖ ይመጣልሻል። ካነሰሽ የመደመር ምልክቷን ተጫኚ፤ ጋሼን አትጥሪ፣ ራስሽ ተጫኚ። ዓይንሽን ማሳረፍ ካማረሽ ጆሮ የተሳለባት ቁልፍ አለች፣ እሷን ስትነኪ ያነብልሻል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ቀልድ ላይ አይስቅም፣ አንቺን አያህልም። ግን የጻፍኩትን ሁሉ ያነባል።

አንድ ነገር ቀረኝ። የልብ ወለዱን የመጨረሻ ምዕራፍ አልሰማሁትም። ድምፁ ልክፈተው ብሎ ሲጠብቀኝ ዘጋሁት። ብቻዬን መጨረስ አላሰኘኝም፤ አንቺም እንዳልጨረስሽው አውቃለሁ። አሁን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገጠም፣ ጣቴ ሥር የብሬል ነጥብ ብቅ እያለ የሚያስነብበኝ መሣሪያ አለኝ፤ በእሱ ጮክ ብዬ ማንበብ ለምጃለሁ። ስትመጪ አልጋው ላይ እንደ ድሮው ጎን ለጎን እንጋደማለን፣ አምፖሉ ይብራም አይብራም ግድ የለንም። አሁን ተራው የእኔ ነው። የሚሞት ሰው ካለ ይሙት፤ ካስለቀሰን አብረን እናለቅሳለን፣ ከዚያ ቀጣዩን ገጽ እገልጥልሻለሁ።

ቤትሽ ሰላም ይዋል ይደር። ጉልበትሽ ይጽናልሽ፣ እጅሽ ሥራ አይጣ፣ ጋሼንም ካርታው ይክዳው። መምጫሽን ብቻ ላኪልኝ፤ መናኸሪያው ድረስ መጥቼ ከአውቶቡሱ ደጅ እቀበልሻለሁ፣ ክርኔን ዝግጁ አድርጌ።

አንድም ገጽ የማልዘልልሽ
ታናሽ እህትሽ